አሚን ያልኩበት መልእክት

ከቡታጅራ የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ሰው ወደየቤቱ ሲገባ ነው፤ ጎረቤት አይቶ ወሬ እንዳያደርገኝ። አባቴ ደጅ ቆሞ ይመርቀኛል፣ ሚኒባሱ ክላክሱን ያንባርቃል። አባቴ ግን የሚቸኩል ሰው አይደለም፣ ምርቃት ከጀመረ ሳይጨርስ አይተውም። ታናሽ እህቴ ሰሚራ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ «አትሄጂም!» ብላ ድርቅ አለች። ገና ጥርሷን እየቀየረች ነበር። ሾፌሩ ነው አንስቶ ያወረዳት።

መጀመሪያ ቤይሩት ሰው ቤት ገባሁ። እዚያ ያየሁትን ለቤተሰብ ትንፍሽ አላልኩም። ምን ብዬ ልናገር? ወጥ ቤት ወለል ላይ እንደምተኛ፣ በሩ ከውጭ እንደሚቆለፍብኝ፣ እመቤቲቱ ሸሚዝ አቃጠልሽ ብላ ካውያውን ክንዴ ላይ እንዳሳረፈችው ለእናት በስልክ ይነገራል? «ደህና ነኝ» ነበር ወሬዬ ሁሉ። ዱዓዬ ግን አንድ ነበር፦ ሰሚራ ትማር፣ በእኔ መንገድ አትምጣ።

ከዚያ ቤት አምልጬ፣ በስደተኛ ቢሮዎች ደጅ ስጠና ከርሜ፣ በመጨረሻ ካናዳ ላኩኝ። ዊኒፔግ የሚባል ከተማ። የቡታጅራን ክረምት ብርድ ነው እያለች የምታማርረዋን ያቺን የድሮዋን ዘምዘምን፣ እኔኑ ራሴን፣ አሁን ባገኛት በጥፊ ነበር የምላት። እዚህ ትንፋሽሽ ሻርፕሽ ላይ በረዶ ይሆናል። ቆጮ የለ፣ የሚጠራሽ ጎረቤት የለ። ምድር ቤቱን ያከራየኝ ሽማግሌ ደጄን የረገጠው የማረቆ በርበሬ ሳቁላላ ብቻ ነው፣ እሱም ዓይኑ እንባ እያዘነበ።

«ምንድን ነው የሚቃጠለው?»

«ምሳዬ ነው።»

«እሳት አደጋ ልጥራ?»

«ጥራቸው፣ ለሁሉም ይደርሳል» አልኩት። አልሳቀም። እዚህ አገር ማን ይስቃል?

ሞባይል ስገዛ ደግሞ የሱቁ ልጅ «ስልክሽ የኢሜይል አድራሻ አለው» አለኝ። ቁጥሬን ጽፈው፣ ከኋላው የኩባንያውን አድራሻ ቀጥለው ከኮምፒውተር ቢልኩልኝ፣ አጭር መልእክት ሆኖ ስልኬ ላይ ይገባል። እኔም ከስልኬ መመለስ እችላለሁ።

«ትናንት መታወቂያ ላወጣ ሄጄ ቋሚ አድራሻ የለሽም ብለው መለሱኝ» አልኩት። «ስልኬ አድራሻ አለው፣ እኔ የለኝም ማለት ነው?»

«እሱ ሌላ ቢሮ ነው» አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።

ለእኛ ቤት ግን ተአምር ሆነ። መደወል ውድ ነው፣ ቡታጅራ ደግሞ ኢንተርኔት ቤት ተከፍቷል። ወንድሜ ከድር አባቴን በባጃጅ ይዞት ይሄዳል፤ አባቴ እንደ ደብዳቤ ያስጽፋል፣ ከድር አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ይለቅማል። እኔ የሆቴል አንሶላ ከማጥብበት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አውጥቼ አነባለሁ፦

«አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለውድ ልጃችን ለዘምዘም። እንደምን ከርመሻል? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላለች። አላህ ያገናኘን፣ አላ»

እዚህ ላይ ያበቃል። ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ ነው የሚያበቃው። ከድር ሰነፍ ስለሆነ ነው እል ነበር። ግን ሰላምታውም ይበቃኛል፣ ወላሂ የአባቴን ድምፅ እሰማበታለሁ። በእርጥብ ጣቴ «አሚን፣ አሚን አባባ» ብዬ እመልስና ወደ አንሶላዬ።

ከቡታጅራ በወጣሁ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ከሆቴሉ ማጠቢያ ክፍል ሆኜ ለአረፋ ቤት ደወልኩ። በአረፋ የኛ ሰው ከያለበት አገሩ ይገባል፤ እኔ ብቻ አልገባም። ከሰላምታው በኋላ «አባባ፣ ሰሚራን አቅርብልኝ» አልኩት።

«ሰሚራን?» አለ ግራ ገብቶት። «ሰሚራማ ሄደች እኮ። አንቺው አሚን ብለሽ የለ?»

«የት ነው የሄደችው?»

«አንቺ የነበርሽበት፣ ቤይሩት። አንድ ደላላ ከእንሴኖ ከተማ መጥቶ ልላካት ብሎ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ አገሩን የምታውቀው ታላቋ ነች፣ እሷ ሳትፈቅድ ልጄን አልሰጥም አልኩት። ይሄንኑ አስጽፌ ላክሁልሽ። ይቅር ካልሽ ይቀራል፣ ይሁን ካልሽ አሚን በይ፣ ዱዓ እናደርጋለን ብዬ። አሚን ስትዪ ሰው ጠርተን መረቅናት።»

ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ለእኔ የደረሰኝ ሰላምታው ብቻ ነው።»

«እንዴት ተደርጎ? ሁሉንም አስጽፌያለሁ!»

«ሁሉንም ጽፌዋለሁ፣ ወላሂ!» ይላል ከድር ከኋላው።

«ለካ ስልኬ የሚቀበለው ጥቂት መስመር ነው፤ የቀረውን ቆርጦ ይጥለዋል። ምናለ ነገሩን ብታስቀድመው?»

«ሰላም ሳልልሽ?» አለ አባቴ፣ እንደመደንገጥ ብሎ። «ሰው ሰላም ሳይል ነገር ይጀምራል እንዴ?»

እኔስ ብሆን ለምርቃት ከአሚን ሌላ ምን እመልስ ነበር?

«ሰሚራ ስልክ አላት?» አልኩት።

«ነበራት። እመቤቲቱ አስቀምጥልሻለሁ ብላ ተቀብላታለች አሉ። ደግ ሴት ሳትሆን አትቀርም። አይዞሽ፣ አላህ እሷንም እንዳንቺ ያድርግልን።»

የማውቀው መቆለፊያ፣ የማውቀው ወለል ታየኝ።

«ዘምዘም? አሚን በይ እንጂ።»

«አልልም፣ አባባ።»

ከዚያ ነገርኩት። የተቆለፈውን በር፣ ወለሉን፣ ካውያውን፣ ሁሉንም፤ እያለቀስኩ፣ ዙሪያዬ ሰው ሥራውን ትቶ እያየኝ። አላቋረጠኝም። ሳይሰናበት ስልክ ዘግቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ቻው አላለኝም፣ አልመረቀኝም፣ ስልኩንም አልዘጋውም። ብቻ ነጠላ ጫማው ግቢውን ሲያቋርጥ ይሰማኛል፣ ድምፁም እየራቀ፣ «ከድር! ደላላውን አምጣልኝ! ከድር!» ይላል።