ዘግይቶ የደረሰ ለቅሶ

የባሌ ታላቅ እህት የመርሳ ሰው ናት፤ ምላሷም እንደ መርሳ ፀሐይ ነው፣ ጥላ ቢይዙም ያገኛል። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን እሷ ትብቃት።

ባሌ ያረፈ ጊዜ ከወልድያ ሰው ላክሁባት። መልእክተኛው ብቻውን ተመልሶ «የገደለችው እሷው ታልቅስለት ብለዋል» አለኝ። ወንድሟን ከመርሳው የማንጎ እርሻቸው አስኮብልዬ ከተማ ያስገባሁት፣ በዚያውም የገደልሁት እኔ መሆኔ ነው። ሰው ከሐራም ከሲሪንቃም መጥቶ ሲያለቅስልኝ የእሷ ቦታ ባዶ ነበር። ሠርግ የቀረ ሰው ስጦታ ልኮ ይታረቃል፤ ለቅሶ የቀረ ግን ራሱ መጥቶ መሬት ካልተቀመጠ አይታረቅም። እኔም ጠበቅኋት። ዓመት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ አልመጣችም።

አምና መጣች። ለእኔ ብላ አይደለም። ልጇ ሐኪም ልታሳያት አምጥታ፣ ቤቴ ለሆስፒታሉ ስለሚቀርብ እኔ ዘንድ አሳደረቻት። ሐኪሙ እርጅና ነው፣ ነገር ይጠፋባታል ብሏል። እኔ ግን ተጠራጠርሁ። ወጡን ቀምሳ «ዛሬም ጨው አብዝተሻል» አለችኝ። ዛሬም የምትለዋ ቃል ከየት መጣች?

ከሰዓት በኋላ ልጇ በስልኳ አንድ አጭር ፊልም ከፈተችልን። በሥዕል የተሠራ ነው፣ ንግግር የለውም። አንድ ሽማግሌ አለ። ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎች ይነጣሉ፤ ወንበሩ ይጠፋል፣ በሩ ይጠፋል፤ በመጨረሻ ሚስቱ ሳህን እያጠበች ፊቷ እንደ ታጠበ ሰሌዳ ባዶ ይሆናል። ልጅቱ እናቷን እያየች እንባዋን ትጠርጋለች።

«አየሽ፣ ፊቷ ጠፍቶም ሳህኑን የምታጥበው እሷው ናት» አልኳት ልጅቱን።

የባሌ እህት ግን ስልኩን ነጥቃ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ይሄ ወንድሜ አይደለም እንዴ?»

ከትልቁ አፍንጫ በቀር የሚመሳሰሉበት ነገር አልነበረም።

«እማዬ፣ ሥዕል እኮ ነው። አጎቴማ ሞቷል» አለች ልጇ ደንግጣ።

«መቼ?»

ከወንበሩ ወርዳ መሬት ተቀመጠች፤ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቀዘቀችና ደረቷን እየደቃች ጀመረች።

«ማንጎው ጥላ ጥሎ ሲጠብቀው ኖሮ፣
ወልድያ ቀረ አሉኝ ወንድሜ ተቀብሮ።»

እዩዋት እንግዲህ! ሙሾው ውስጥ እንኳ ወልድያን፣ ማለትም እኔን፣ ወጋ አድርጋ አለፈች።

ለዚህች ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በልቤ ስንት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ግን ለማን ልበለው? መቅረቷን እሷ አታውቀው። ለቀስተኛን ብቻውን ማስለቀስ ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ለደንቡ ነበር፤ ኋላ የእውነት ሆነብኝ።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች እየሮጡ ገቡ።

«ማን ሞተ?»

«ባሌ» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ፤ የታመመችው የትኛዋ እንደሆነች ግራ ገባቸው። ቢሆንም ተቀመጡ።

ሲበርድላት ጉልበቴን ያዘች። «እግዜር ያጥናሽ፣ እቴ። ጥሩ ሚስት ነበርሽ» አለችኝ። ይህን ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም። በቅጡ ሳላጣጥመው ግንባሯን ቋጠረች።

«ግን ምነው ሰው አትልኪብኝም? ወንድሜን ሳልቀብር!»

«እማዬ፣ ተልኮብሽ እኮ አንቺ ነሽ...» ስትል ልጇን በዓይኔ ዝም አሰኘኋት።

«ልኬ ነበር፣ እትዬ። መልእክተኛው መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል» አልኩ።

«ታዲያ እንዲህ ያለ የማይረባ ሰው ትልኪያለሽ?»

ዋጥ አደረግሁት። ደግነት አይምሰላችሁ። ያን ክፉ መልሷን እሷ ረስታ ከጣለችው በኋላ አንሥቼ ባስታቅፋት፣ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅሁትን ለቅሶ ይዛብኝ ትሄዳለች።