ከጓዳ ይዤው የወጣሁት መልስ

በዚያ ቀን ቢቸና፣ ልጄ በምትማርበት ክፍል ውስጥ የነበርነው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች፣ የሥነ ዜጋ መምህራቸው፣ ከፖሊስ የመጣች አንዲት ሴት፣ የንስሐ አባታችንና አምስት እናቶች ነን። አባት የተባለ አንድም አልመጣም። ከአምስቱ እናቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። ልጄ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጣለች። ያን ቀን ውሸቴን የሰማው ማን ማን እንደነበር ዛሬም እየደጋገምኩ እቆጥራለሁ።

ትምህርቱ ስለ ፈቃድና ስለ ሕግ ነው ተብሎ በወረቀት ተጠርተን ነበር። እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ ወረቀቱን ራሴ አንብቤዋለሁ። የሄድኩት ግን እየፈራሁ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሞጣ ሽማግሌዎች መጥተው ልጄን ለጋብቻ ጠይቀው ነበር።

በእኛ ቤት ልጅቱ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። እናት ጓዳ ገብታ ትጠይቃትና መልሱን ይዛ ትወጣለች። እኔም ገባሁ። «ምን ትያለሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፍታ መሬቱን በእግሯ ጣት ትጭር ጀመር። እኔም በእሷ ዕድሜ ለእናቴ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እሺ ያለች መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲመስለኝም ፈልጌ ነበር። ወጥቼ «እሺ ብላለች» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁን።

በትምህርቱ ቀን መምህሩ ከልጄ ዴስክ ላይ ደብተሯን አነሳ። «ልውሰደው?» አላት። ዝም አለች። ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ።

«ፈቅዳልኛለች?»

«አዎ ቲቸር! ዝም ብላለች!»

«የቤት ሥራ ስላልሠራች ደስ ብሏት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ልጄ ብድግ አለች። «አልፈቀድኩም» አለች። «ጓዳ ውስጥም አልፈቀድኩም። እማ፣ እሺ አላልኩሽም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ፖሊሷ ወደ እኔ ዞረች። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለችን ልጅ መዳር ወንጀል እንደሆነ፣ ዕድሜዋ ቢደርስም ያለ ፈቃዷ እንደማይሆን ቀደም ብላ ነግራን ነበር።

«እናቴ፣ ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው?»

ባለቤቴ እጁ ታስሮ ሲወሰድ ታየኝ። «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» አልኩ።

የንስሐ አባታችን ወደ እኔ ቀና አሉ። «ኧረ አንቺ ልጅ! እኔ አይደለሁ ያጠመቅኋት?»

ልጄ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ከትምህርት ቤት ወደ ቤት አልመጣችም። በማግሥቱ ሞጣ የምትኖረው እህቴ ደወለችልኝ። «እኔ ጋ ናት። እማ ራሷ ትጠይቀኝ ትላለች፤ ላገናኝሽ?» አለችኝ። እኔ ግን ባለቤቴ አጠገቤ ስለነበረ «ምን ይጠየቃል? ትምጣ በያት!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እስከ ልጄ ደርሷል። በነጋታው ማለዳ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ እንደተሳፈረች አንዲት ነጋዴ ለእህቴ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ያያት የለም።

ፖሊሷ ዘንድ ሄጄ ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ እንደሆነ ተናገርኩ። ለሽማግሌዎቹም መልሱ የእሷ እንዳልነበረ፣ የእኔ እንደነበረ በራሴ አፍ ነገርኳቸው። ነገሩ ፈርሷል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አያናግረኝም። እሷ ግን ይህን አታውቅም፤ አሁንም ልድራት የምፈልጋት ይመስላታል። ሞጣ መናኸሪያ ስንቴ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ፎቶዋን ሳሳያቸው ሾፌሮቹ «እናት፣ በቀን ስንት ልጅ እንጭናለን?» ይሉኛል።

ቀጭን ናት፣ ጠይም፤ ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። ስትሄድ የለበሰችው የትምህርት ቤት ሹራቧን ነው። ያያችኋት ካላችሁ፣ ያለችበት እንዲነገረኝ ካልፈቀደች አትንገሩኝ። ደህና መሆኗን ብቻ ላኩልኝ።