የጋሽ ተክሌ የመጨረሻ ማር

ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት የወንድሜ ልጅ ሩት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ሞላሌ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛልኝ መጣች። የምትሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፤ ሥራዋም ለእንግዳ ወይን መምረጥና መቅዳት። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን እኔ የሰማሁት እሷ ከተቀጠረች ወዲህ ነው። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅን፣ እኔም ጋቢዬን እንደተከናነብኩ፣ ቡሹን ስባ ከፈተችና የብርጭቆዬን ሥር ያህል ቀዳችልኝ። ሜርሎ ከሚባል የወይን ዘር የተጠመቀ ነው፣ ገና ለጋ ነው አለችኝ።

ቀመስኩት። ድዴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ።

«አንቺ፣ ይሄ ወይን ነው ወይስ የከረረ ሻይ?» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀችና ስልኳን አውጥታ ስለዚሁ ወይን የውጭ አገር ቀማሾች የጻፉትን እየተረጎመች ታነብልኝ ጀመር። አንደኛው ጥቁር እንጆሪ፣ ትምባሆና ዝናብ የነካው አፈር ሸተተኝ ይላል። ሁለተኛው፣ አሁን ጨፍግጓል፣ አሥር ዓመት አስቀምጡትና ያን ጊዜ እንነጋገር ይላል። ሦስተኛው ግን ደረቅ ነው፣ የበርሜሉ እንጨት ውጦታል፣ ተስፋ የለውም ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። አንድ ጠርሙስ፣ ሦስት ፍርድ!

«ታዲያ የማንኛውን እንመን?»

«እሱን ይንገሩኝ እንጂ ጋሼ! ለሥልጠናዬ የሰው አስተያየት ሰብስቢ ተብያለሁ። አባዬ ደግሞ ጋሼ ጠጅ ያውቃል ሲል ነው የኖረው።» ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶዋን ያዘች።

ጋሼ ጠጅ ያውቃል! ልጅቱ ምን ታድርግ፣ የሰማችውን ነው የተናገረችው። እኔ ግን የወጣትነቴን አንድ ግንቦት አስታወስኩ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት እስኪመጣ ብዬ አንድ ጠጅ ቤት ስምንት ወር ቀጂ ሆኜ ሠርቻለሁ። የዚያ ቤት ጠጅ ማር ነክቶት እንደሆን እንጃ፤ ስኳር ተበጥብጦበት በአሥር ቀን ይደርሳል፣ ቢጫ ነው፣ ይጣፍጣል፣ በማግስቱ ራስ ይፈልጣል። ለእኔ ግን ጠጅ ማለት እሱ ነበር። ግንቦት ላይ ቤተሰብ ለመጠየቅ በጭነት መኪና ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ከጣርማ በር ወዲህ ያለውን ጠመዝማዛ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ስመጣ፣ ሞላሌ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም። አቤት የዚያ ዕድሜ ጉራ!

ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ በዚያ ወር የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ነበር። ባላቸው ጋሽ ተክሌ ንብ አዋቂ ነበሩ። ከአፋፉ በታች፣ ቆላው ሞቅ ከሚልበት ቀፎ ሰቅለው፣ በየዓመቱ ኅዳር ማር ይቆርጣሉ። ያን ዓመት ቆርጠው ባስገቡ በሳምንቱ ታመው ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ግን ለሚስታቸው አንድ ነገር ተናገሩ፦ ይሄ ማር አይሸጥ፣ ለአስካለ ሠርግ ጠጅ ይጣልበት፣ እንዲከርም ጌሾውን አብዢበት። አስካለ አንዲት ልጃቸው ናት። ታጭታ ነበር፤ በሐዘኑ ምክንያት ሠርጉ ሁለት ዓመት ተገፋ። እትዬ ደብሪቱም እንደተባሉት ታኅሣሥ ላይ ጠጁን ጥለው፣ ጋኑን በጭቃ መርገው ጓዳ አስቀመጡት። አባት በሠርጉ ባይገኝ ማሩ ይገኛል ማለት ነው።

በማኅበሩ ቀን ዳቦው ተቆርሶ፣ የበጉ ወጥ ተበልቶ፣ የገብስ ጠላው ዞሮ ዞሮ ጨዋታው ሲደራ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ደምሰው፣ «የወንድማችን የተክሌ ጠጅስ እንዴት ሆነ? ነፍሱን እያሰብን እንቅመስለት» አሉ። እትዬ ደብሪቱ ትንሽ አመነቱ። ሙሴ ጠይቆ እምቢ አይባልምና ጭቃውን ፈንቅለው አንድ ማንቆርቆሪያ ቀድተው መጡ።

የማኅበሩ ቄስ መምሬ መጀመሪያ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣ «ይሄ ገና ክርስትና ያልተነሣ ነው። ይቆይ» አሉ። ጋሽ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጌሾው አንቆ ያዘኝ፤ ግን ከሥር ማሩ አለ፣ ከሩቅ ይሰማኛል» አሉ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰውዬ ደግሞ፣ «ኧረ መረረኝ እናንተ!» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ ብርሌው ወደ እኔ መጣ።

እኔ እንደ እነሱ ጠጥቼ ዝም አልኩ መሰላችሁ? ብርሌውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረግኩ፣ አሸተትኩ፣ አፌ ውስጥ አንከባለልኩት። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ያየሁትን መቀናጣት ሁሉ አሳየሁ። በእውነት ለመናገር መራራ ነበር፣ ምላስ ያደርቅ ነበር። «እትዬ፣ ይሄ ተበላሽቷል» አልኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ። «ጌሾ በዝቶበታል፤ እንዲሁ ከተተወ ቢከርምም ጠጅ አይሆንም።»

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ተክሌ ነው እኮ አብዢበት ያለኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጋሽ ተክሌ ንብ ነው የሚያውቁት» አልኩ። ይቺን ንግግሬን ሳስባት እስከ ዛሬ ፊቴ ይነድዳል።

እትዬ ደብሪቱ ወደ መምሬ አዩ፤ መምሬ ስለ ጠጅ የተማርኩት የለም አሉ። ወደ ጋሽ ደምሰው አዩ፤ እሳቸውም፣ «ልጁ ከተማ ሠርቶበታል፣ ከእኛ ይሻላል» አሉ። ያኔ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሠርግ ላይ እንግዳ ፊት ያሳፍረኛል ልጄ?»

«ያሳፍርዎታል እትዬ።»

እንዲህ አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ? አይመስለኝም። ግን ሰው ሁሉ አፍ አፌን እያየ አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ።

በማግስቱ ላስተካክልልዎ ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ። ስኳር ከሱቅ አስመጣሁ፣ በፈላ ውኃ በጠበጥኩ፣ አቀዝቅዤ ጋኑ ውስጥ መገልበጥ ጀመርኩ። አስካለ ጓዳው በር ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ ይቅር። አባዬ ያለው ይሁን» አለች። እኔ ግን ሳቅ ብዬ፣ «አይዞሽ፣ ለሠርግሽ ታመሰግኚኛለሽ» አልኳት። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝና አንድ ገንቦ ይዛ መጣች። ስኳር ሳይነካው ጠዋት ከጋኑ ቀድታ በማሰሮ ያስቀረችውን ገልብጣበት አፉን በጭቃ መረገችው። ልጅ ናት ብዬ ተውኳት። ጋኑን እንዲተነፍስ በጨርቅ ብቻ ሸፈንኩትና በሦስተኛው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

ክረምት ላይ እናቴ ለጉዳይ ደብረ ብርሃን መጥታ ነገረችኝ። ጠጁ እንደገና ፈልቶ፣ ገንፍሎ፣ ጓዳው እስኪሸት ቆመጠጠ። እትዬ ደብሪቱ ማርያምን ጠርተው፣ አንድ ቀን ሙሉ አልቅሰው፣ ጓሮ ደፉት። «ስምህን ግን አላነሡም» አለችኝ እናቴ። ባነሡት ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ሠርጉ ደረሰ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ እናቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ጠላው በገፍ ይቀዳል፤ ጠጅ ግን የለም። እኔ ጥግ ይዤ አንገቴን ደፍቼ ስበላ እትዬ ደብሪቱ አንድ ብርሌ በእጃቸው ይዘው፣ ሰዉን እየከፈሉ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ያቺ ገንቦ ናት» አሉኝ። «ለሙሽሮቹና ለመምሬ ሰጠሁ። የቀረችው ላንተ ትሁን። ቅመሳት።»

ምን ልበላችሁ! ያ የሚያንቅ ጌሾ የት ሄደ? ምላሴ ላይ ልስልስ ብሎ ወረደ፤ መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ የቆላ አበባ፣ ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ ማሩ ብቻውን ቀርቶ ከአፌ አልጠፋ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጠጅ ጠጥቼ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አልጠጣሁም። ጋን ሙሉ እንዲህ ይሆን የነበረውን ነው የደፋሁባቸው። እንባዬ መጣ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ አጠፋሁ፣ ባልዎን ሰደብኩ ማለት ነበረብኝ። ሰው አየን ብዬ፣ «ጥሩ ነው» አልኩ። ጥሩ ነው!

«እሱ ያለው ሆነ» አሉና ብርሌውን ተቀብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ መምህር ሆኜ ሞላሌ ተመደብኩ። እትዬ ደብሪቱ ሃያ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ሆነው ኖሩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አብረን እንመለሳለን፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። በየሳምንቱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ በራቸው ደርሰን «በሉ ደኅና ይዋሉ» እላለሁ። አንድ ቀን የካቲት ላይ ቀበርናቸው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ያን ሁሉ እሑድ አብሬያቸው ስሄድ ያልተናገርኩትን ያን ዕለት እንደ ሞኝ በሹክሹክታ ተናገርኩ። ማን ይሰማኛል?

ይህን ሁሉ ለሩት ነገርኳት። እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ቀርቶ ነበር።

«አስካለስ አለች?»

«አለች። ራቤል ከተማ፣ ልጇ ዘንድ ናት።»

«ለእሷስ ነግረዋት ያውቃሉ?»

ጋቢዬን ሳብ አድርጌ ተከናነብኩ። ልጅቱ ገባት፤ አልጨቀጨቀችኝም። ወደ ደብተሯ ተመለሰችና፣ «እሺ ጋሼ፣ ወይኑን ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«አላውቅም ብሏል በይ።»

«እንዲያ ተብሎ ይጻፋል እንዴ?»

«ጻፊው» አልኳት። «ከዚያ ለራቤል ሾፌሮች ደውይና ነገ ስንት ሰዓት እንደሚነሡ ጠይቂልኝ።»