የማቴዎስ እጅ ደህና ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለእናቴም አልነገርኩም። በጸሎት ቤታችን ሰዉ ተንበርክኮ ኃጢአቱን ሲናዘዝ እኔም ተንበርክኬያለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ቀለል ያለውን እየመረጥኩ ነው የተናዘዝኩት። ሐሜቴን ተናዝዣለሁ፣ ቁጣዬን ተናዝዣለሁ። ማቴዎስን ግን አንድም ቀን አልጠራሁትም። ፊታችሁን ስለማላይ ለእናንተ ልናገር።

ማቴዎስ የአምቡላንስ ሾፌር ነበር። ቤተሰቦቻችን ከዳውሮ አብረው የመጡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ያደግነው አንድ ግቢ ነው ማለት ይቻላል። «አስቱ እህቴ» ነበር የሚለኝ። ክረምት ሲገባ፣ የቡና መንደሮቹ መንገድ ጭቃ ሲሆን፣ ሌሎች ሾፌሮች አይሆንም ብለው የሚመለሱበትን ዳገት እሱ ይወጣው ነበር። ስንት ምጥ የያዛት እናት ወደ ጅማ እንዳመጣ እሱም አያውቀውም። ጥሩ እጅ ነበረው። ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር፦ «የማቴ እጅ!»

እኔ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ እጠግናለሁ። በሪሞት የሚነዱትን ትንንሽ መኪኖች ወደ ከተማችን ያስገባን ጥቂት ሰዎች ነን፤ አብዛኞቹን የገጣጠምኳቸው እኔ ነኝ። የተሰበረውን አቅንቼ፣ የተቃጠለውን ሞተር ቀይሬ፣ ሽቦውን በይጄ እሰጥ ነበር። ሐጂ አባ ቢያ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ክረምት ላይ ባዶ የሚሆነውን መጋዘናቸውን ፈቀዱልን። ወለሉ ላይ ሞኬት አነጠፍን፤ የመንገዱን ዳርና ዳር የቡና ገለፈት በሞሉ ጆንያዎች አጠርን፤ ነጂዎቹ ከላይ ሆነው እንዲያዩ ከጣውላ መድረክ ሠራን። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። ቆይቶ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከቦንጋ፣ ከበደሌ ሰው መምጣት ጀመረና የአካባቢው ሻምፒዮና ሆነ።

ማቴዎስ ሁሌም ያሸንፍ ነበር። አንድ ብሎን አጥብቆ የማያውቅ ሰው እኔ በሠራሁት መኪና እኔኑ ያሸንፈኛል። አንድ ቀን ዋንጫውን ብድግ አድርጎ «እሷ ታክማለች፣ እኔ እነዳለሁ!» አለና ሰው ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊያመሰግነኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ያንን ሳቅ ይዤው ቤቴ ገባሁ። ለዚህ ሲባል ሰው ይጎዳል? ይጎዳል። እኔ ጎድቻለሁ።

ለሚቀጥለው ሻምፒዮና ሳምንት ሲቀረው መኪናውን ሱቄ አመጣልኝ።

«አንቺ ካየሽው ይበቃኛል» አለኝ።

አየሁት። በመሪው ሽቦ መሃል ከጥፍር የማትበልጥ ማቋረጫ በየድኩ። የምትታዘዘውም በመኪና በር መቆለፊያ ሪሞት ነው፤ ቁልፏን ስጫናት የመኪናው ጎማ ለቅጽበት ወደ ግራ እንዲሳብ። ያቺን ሪሞት ከራሴ ሪሞት ጀርባ ትንሿ ጣቴ በምታርፍበት ቦታ በፕላስተር ለጠፍኳት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ሁሉ ስሠራ ደስ ይለኝ ነበር። እወቁልኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

የፍጻሜው ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ይዘንብ ነበር። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ከመጮሁ የተነሳ ሰው አፉን ሲከፍት ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም። አምስት ሆነን መድረኩ ላይ ቆመናል፤ ማቴዎስ ከጎኔ ነው። በአራተኛው ዙር፣ ከሩቁ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ፣ ተጫንኳት። መኪናው ወደ ግራ ዘሎ ጆንያውን መታ። ማቴዎስ ሪሞቱን ገልበጥ አድርጎ አየና ቀጠለ። በስድስተኛው ዙር እዚያው ቦታ ላይ ደግሜ ተጫንኩ። ከዚያ በቃኝ፤ ቀድሜዋለሁ። ጣቴን አነሳሁ።

በሰባተኛው ዙር መኪናው እዚያው ቦታ ሲደርስ ወደ ግራ ዞሮ ጆንያውን መታ። እኔ አልነካሁም። በስምንተኛውም እንዲሁ። ጣቴን አየሁት፤ አየር ላይ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ ሁሉም ሪሞቱን መሬት አስቀመጠ፤ የማቴዎስ መኪና ግን ባዶው ሞኬት መሃል ቆማ ጎማዎቿን ቀስ እያለች ወደ ግራ ታዞር፣ ትመልስ፣ ታዞር ጀመር። ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ብሎ ስለነበር ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ ተሰማ። አፍንጫዋ ወደ መድረኩ ነበር።

ሐጂ አባ ቢያ «ማል ተኤ? ምን ሆነች?» አሉና ወዲያው «ሱብሃነላህ» ብለው ወደ ኋላ ተራመዱ።

የበየድኩት ነገር ተጣብቆ ይሆናል። ባለሙያ ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ይደርሳል። ለራሴ የምነግረውም ይህንኑ ነው። በውድድሩ መሃል ለምን እዚያች መታጠፊያ ላይ ብቻ እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዋንጫውን ወሰድኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተራ ማጭበርበር ነበር። አላበቃም።

በማግስቱ ማቴዎስ መኪናውን ይዞ መጣ። «ፈትሺልኝ አስቱ። የሆነ ነገር አለው» አለ። ጀርባዬን ሰጥቼው ፈታሁት፤ ያችን ነገር ነቅዬ መዳፌ ውስጥ ደበቅኳት።

«መኪናው ምንም የለው» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። «ሪሞቱ ይሆናል» ማለት እችል ነበር። ሰው ሲያፈጥብኝ መዋሸት አላውቅበትም ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ እችልበታለሁ።

«እጅህ ነው» አልኩት። «ስትነዳ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይቼዋለሁ፣ ማቴ።»

ሁለቱን እጆቹን ጠረጴዛዬ ላይ፣ በብሎኖቹ መሃል ዘረጋቸው። አብረን አየናቸው። እንደ ጣውላ ነበሩ፤ ቅንጣት አይነቃነቁም። እሱ ግን ረዥም ጊዜ ካያቸው በኋላ ቀስ ብሎ፣ «አዎ» አለ። «አሁን ስትነግሪኝ ነው የታየኝ። ይንቀጠቀጣል።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ማቴዎስ እጁን ሲያይ ነው የማውቀው።

ወር ሳይሞላ ምጥ የያዛት ሴት ከሊሙ በኩል ይዞ ሲመጣ መንገድ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። አብራው የነበረችው ነርስ ናት የነገረችኝ። ሞተሩ አልጠፋም፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ፊት ለፊት ያያል። «ወደ ግራ እየሳበው ነው» አላት። «ማን?» አለችው። በግራ በኩል ገደል ነው። ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ብታለቅስ እጁን ከመሪው ማላቀቅ አልተቻለም። ሴትዮዋ እዚያው መኪና ውስጥ ወለደች። እሷም ልጇም ተርፈዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ማመስገን ለእኔ ይገባኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ማቴዎስ ቁልፉን አስረከበ። ሐኪሞች መረመሩት፤ ነርቩን አዩ፣ ዓይኑን አዩ፣ ምንም አላገኙም። ምንም ባለመገኘቱ ሰው የሚለውን አለ፤ ነገሩ መንፈስ ነው ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጸሎት ቤታችን ውስጥ ልንጸልይለት ተሰበሰብን። እኔም ነበርኩ። እንዴት እቀራለሁ፣ እህቱ አይደለሁም? ወለሉ ላይ አስቀምጠውት ዙሪያውን ከበብነው፤ እኔም ቀኝ እጄን ራሱ ላይ ጫንኩ። ፀጉሩ በላብ ረጥቧል። ፓስተሩ፣ «ማን ነህ? ስምህን ተናገር!» እያለ ይጮኻል። የማቴዎስ ግራ እጁ ብቻ መሬቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ትንሽ ነገር እንደሚያዞር፣ ያዞራል፣ ይመልሳል። «ስምህን ተናገር!» የዚያን ስም ከእኔ በቀር ማን ያውቀዋል? ስሜ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። አስቴር። አንድ ቃል ነው። ዋጥኩት። ይልቁንም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ፣ «ውጣ!» አልኩ።

ሲደክመው ዓይኑን ገለጠና ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን አየኝ። «ለቀቀኝ?» አለ።

«ለቆሃል» አልኩት።

አለቀቀውም። አሰንዳቦ ያለች የሥጋ እህቱ ጋ ሄዶ መኖር ጀመረ። መኪና ላይ አይወጣም፤ ባጃጅ እንኳ አይወጣም። የአጎቱ ቀብር ጅማ ሲሆን በእግሩ መጣ፤ መንገድ ላይ አድሮ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። የመኪኖቹ ውድድርም ቆመ። ሐጂ አባ ቢያ ከዚያ በኋላ መጋዘኑን አልፈቀዱልንም።

አምና ልነግረው አሰንዳቦ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን እያጠናሁ ነበር። እህቱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሙዝ ሲያስተካክል አገኘሁት። ደስ አለው። የእህቱን ልጆች ጠርቶ አሳየኝ። ለብቻችን ስንሆን እጄን ያዘና፣ «ሁልጊዜ እጸልይልሻለሁ» አለኝ። «ያን ቀን እጄን አይተሽ ባትነግሪኝ ኖሮ ሰው እገድል ነበር። እግዚአብሔር ነው በአንቺ ያስጠነቀቀኝ።»

ያጠናሁት ቃል ጠፋብኝ። ምሳ በልቼ ተመለስኩ።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ ይቅር ማለትም የእናንተ አይደለም። ቅናት ነበር፣ ወጣት ነበርኩ፣ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። አውቄ ነው የሠራሁት፤ አውቄ ነው የዋሸሁት፤ ዋሽቼም ራሱ ላይ እጄን ጭኜ ጸልያለሁ።

እስካሁን ዝም ያልኩት ለእሱ ስለምፈራ ነው ስል ኖሬያለሁ። እውነቱን ብነግረው፣ አምኖኝ መሪ ቢጨብጥ፣ እጁ ግን አሁንም ወደ ግራ ቢስበውስ? ያኔ ምን እለዋለሁ? በዚህ ጥያቄ ተሸሽጌ ዓመታት አለፉ። አሁን ስጽፈው ግን ይኸም ሰበብ መሆኑ ይታየኛል። የምፈራው ለእሱ አይደለም። ያንን «እጸልይልሻለሁ» የሚል ምርቃት ከአፉ እንዳያነሳብኝ ነው የምፈራው።