አስራ አራተኛው ሙዝ ነው
ኤርካሎ ዳልጮ ሶዶ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የግንባታ አስተማሪ ነው። ያደገው አረካ ዳር፣ እንሰት በከበበው ጓሮ ነው። እጁ ስሚንቶ ያውቃል፤ ውሃ ልክ ሳያስቀምጥ ግድግዳ መጣመሙን ይነግርሃል። ማስተርሱን ለመጨረስ የቀረው የአድቫይዘሩ ፊርማና ዲፌንስ ነው። ኮሌጁ የትምህርት ፈቃዱን አንዴ አራዝሞለታል፤ ሁለተኛ አያራዝምም። ዘንድሮ ካልተመረቀ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ጥናቱ የእንሰት ቅጠል አመድ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይቃጠላል፤ አመዱ ተነፍቶ በኮንክሪት ውስጥ ከስሚንቶው የተወሰነውን ይተካል። ምን ያህሉን? አስር በመቶ። ይህን ያለው ኤርካሎ አይደለም፤ አስራ አራተኛው ሪፈረንስ ነው።

በምህንድስና ጽሑፍ የሰው ቃል ስትወስድ አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ቁጥር ታስገባለህ። የቁጥሩን ባለቤት ከኋላ ትዘረዝራለህ፤ ጸሐፊው፣ ርዕሱ፣ ጆርናሉ፣ ቅጹ፣ እትሙ፣ ገጹ፣ ዓመቱ። የተጠራጠረ ሄዶ እንዲያይ ነው። ማንም ግን ሄዶ አያይም። ማስተርሱን በሚማርበት ዲፓርትመንት ሪፈረንስ የሚወረሰው በፍላሽ ነው፤ ሲኒየሩ ሶፍት ኮፒውን ይሰጣል፣ ጁኒየሩ ቁጥሩን አስተካክሎ ይለጥፋል። ኤርካሎም አስራ አራተኛውን ያገኘው አድቫይዘሩ ዶክተር መክብብ ካሳተመው አርቲክል ላይ ነው። ከአድቫይዘር የተወሰደን ማን ይጠረጥራል?

ያስቸገረው ኮንክሪቱ ነበር። አመዱ አምስት በመቶ ሲሆን ለሙከራ የሞላቸው የኮንክሪት ኩቦች ጭነቱን ቻሉ። አስር ሲሆን ተፈረካከሱ። እንደገና አቡክቶ ሞላ፤ እንደገና ተፈረካከሱ።

«ኪዩሪንግህ ነው» አለው ዶክተር መክብብ። «በደንብ ውሃ አልጠጣም። ሊትሬቸሩ አስር ይላል።»

ኤርካሎ ኮንክሪት ውሃ ማጠጣት የሚያስተምር ሰው ነው። ቢሆንም አመነ። አንድ ዙር ጨመረ፣ ኩቦቹ የሚነከሩበትን የውሃ ታንክ ራሱ ጠበቀ። ያው ሆነ። የውጤት ምዕራፉ ላይ «ልዩነቱ ከናሙና አዘጋጁ የእጅ ስህተት ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈ። አዘጋጁ እሱ ነው።

ከዚያ የፎርማት ቼክ መጣ። መመሪያው የገጽ ቁጥር የጎደለው ሪፈረንስ አይቀበልም። አስራ አራተኛው ገጽ የለውም፤ ዶክተሩ አርቲክል ላይም አልነበረውም። ኤርካሎ ዋናውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት አወረደ፤ ለገጽ ቁጥሩ ብቻ። ቁጥሩን ገልብጦ ሊዘጋው ሲል ፎቶ አየ።

ስልኩን ለሚስቱ ለብሩክታይት ዘረጋላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሙዝ ነዋ።»

«እንሰት አይሆንም?»

«ዘለላው ተንጠልጥሎ እያየኸው? እናትህ እንዳይሰሙ። የአረካ ልጅ ነኝ ማለትህን ተው ከእንግዲህ።»

ሙዝ ነበር። ርዕሱም፣ ናሙናውም፣ አመዱም የሙዝ። ጸሐፊዎቹ ሌላ አገር ናቸው፤ እንሰት የሚባል ነገር አላነሱም። ከሩቅ የሁለቱ ቅጠል ያሳስታል፤ ወላይታ ያደገ ሰው ግን ከሙዝ ቆጮ እንደማይፋቅ ያውቃል። ርዕሱን እንኳ አንድ ሰው ቢያነበው ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር።

እጁ አልተሳሳተም ማለት ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን መውጫ አጣ። ሪፈረንሱን እንዳለ ቢተወው ዲፌንስ ላይ ቆሞ ሙዙን እንሰት ሊል ነው። ቢያወጣው፣ አስሩ ከየት መጣ ሲሉት መልስ የለውም። ቢያርመው፣ እርማቱ የሚያርፈው በሚፈርምለት ሰው ላይ ነው። ከቦታው ከተነቀለ ችካል ተነስቶ ከፍታ እንደ መለካት ነው፤ መሣሪያህ ልክ ሆኖም ቤቱ ይዘቀዝቃል።

ሰኞ ዶክተር መክብብ ቢሮ ገባ።

«ዶክተር፣ አስራ አራተኛው ሙዝ ነው።»

«ምን ሙዝ?»

ያወረደውን የሙዝ አርቲክል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ዶክተር መክብብ መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን ረዘም አድርጎ አየው።

«አንብበኸዋል?»

«ፎቶው ይበቃ ነበር። ግን አንብቤዋለሁ።»

«እኔም ከሌላ ሰው ነው የወሰድኩት። ያኔ እንዳንተው ለመመረቅ ስሮጥ።» ወረቀቱን ወደ ኤርካሎ ገፋው። «አውጣው በቃ። የኔን አርቲክል ጥቀስ።»

«የእርስዎም ከሱ ነው፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ለዲፌንሱ ኤክስተርናል ፈታኝ ሆኖ የሚመጣው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለ። «ያንን የኔን አርቲክል አብሮኝ የጻፈው ሰው ነው። እኔ ብፈርምልህ እንኳ እሱ ፊት ነው የምትቆመው።»

ኤርካሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

ቤት ሲገባ ብሩክታይት ፊቱን አይታ «ሙዙ አልበስል አለ?» አለችው። አልሳቀም። እሷም ተወችው። እሱ «የእጅ ስህተት» የሚለውን አረፍተ ነገር አጠፋ። በቦታው እንዲህ ጻፈ፦ አስር በመቶ የተለካው በሙዝ ቅጠል አመድ ላይ ነው [14]፤ ወደ እንሰት የተሸጋገረው በኋላ ነው [15]፤ የዚህ ጥናት ኩቦች ግን ከአምስት በላይ አልቻሉም። አስራ አምስተኛው የዶክተር መክብብ ነው። ስሙን፣ ቅጹንና እትሙን ከኋላ ዘረዘረ።

አትሞ ለዶክተሩ ወሰደለት።

«እዚያ አስቀምጠው» አለ ዶክተሩ ቀና ሳይል።

ከዚያ ወሬ የለም። ኤርካሎ ወደ ኮሌጁ ተመልሶ ማስተማር ጀመረ፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከወርክሾፑ ይወጣል። የዲፌንስ ስም ዝርዝር ሊለጠፍ ሲቃረብ ዶክተር መክብብ ደወለ።

«አስራ አምስተኛው ላይ ስህተት አለ» አለው። «እትም ሦስት ብለሃል። የኔ እትም ሁለት ነው።»

«ሌላውስ፣ ዶክተር?»

«ስትጠቅሰኝ በትክክል ጥቀሰኝ። አስተካክለህ ይዘህ ና።»

«ይፈርሙልኛል ማለት ነው?»

«ይዘህ ና አልኩህ» ብሎ ዘጋ።

ኤርካሎ ሦስቱን ሁለት አደረገው። የፊርማው ቦታ ባዶ እንደሆነ ገጹን አትሞ፣ በፕላስቲክ ፎልደር ከቶ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ባጃጅ ያዘ።