ጫማውን ሳያስር የሰመጠው ሰውዬ

ጠራዡ ሳይጠይቅ ከዋለ የበላው አይፈጭለትም። የተቀደደ መጽሐፍ ሲመጣለት መጀመሪያ ያሸተዋል፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ያገላብጠዋል፤ ቀጥሎ ባለቤቱን ያፋጥጠዋል። «የዚችን ገጽ ጥግ ማን ነው ያጠፈው? ከዚህ ወዲያስ ለምን አላነበበም?» ደንበኛው መጽሐፉን ሊያስጠርዝ እንጂ ቃሉን ሊሰጥ አልመጣም፤ ቢሆንም ሳይመልስ አይወጣም። ታላቅ እህቱ «እናታችን መርማሪ ፖሊስ መውለዷን ሳታውቅ ሞተች» ትለው ነበር።

ሱቁ ጠባብ ናት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው የማያነሣው የወረቀት መቁረጫ፣ የሙጫ ቆርቆሮ፣ መደርደሪያው ላይ አንድ አሮጌ ካሴት ማጫወቻ። ቅዳሜ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ ያወርደዋል። ለደንበኛ ተዘግቷል፣ ለወዳጅ ክፍት ነው ማለት ነው። ጎንበስ ብለው የሚገቡት ወዳጆች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሌላው የእህቱ ባል፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር። ሾፌሩን «ጋሼ» ይለዋል፤ አንቱታው ግን ከብዙ ዓመት በፊት በክርክር መሐል ወድቆ ቀርቷል።

የሚከራከሩት ስለ አንድ ባንድ ነው። አምስት የባሕር ማዶ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ ወዳጆች ጢም ሳያወጡ በፊት ተጣልተው ተበትነዋል። የሚጫወቱት ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ነው፤ አንዱ ዘፈን ተጀምሮ እስኪያልቅ ጸጉር ተስተካክለህ ትመለሳለህ። ኦርጋኑ የያዘውን ዜማ ዋሽንቱ ይነጥቀዋል፤ ከበሮው ደግሞ አራት አራት እያልክ ስትቆጥርለት አምስተኛዋን ጨምሮ ያሳብድሃል። ባንዱ ያወጣው ሰባት አልበም ነው። ሰባት አልበም፣ ሦስት ሰው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፤ እስካሁን አልተስማሙም፣ ተመስገን ነው።

ሐኪሙ የመጀመሪያውን አልበም የሚያህል የለም ይላል። «አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አንድ የበሰበሰ ነገር አታገኝበትም!» ሾፌሩ ሦስተኛውን አይለቅም፤ የሸክላውን አንዱን ገጽ ሙሉ የያዘ አንድ ዘፈን አለበት። «ይሄ ዘፈን አይደለም፣ ዳገት ነው። መሐል ላይ ማርሽ ሲቀይር አይሰማህም? የማይሰማህማ አንተ ተሳፋሪ ነህ!»

ጠራዡ ግን የአምስተኛው ነው። አምስተኛው ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ ስለሆነ «ድርቡ» ይሉታል። ጠራዡ በወጣትነቱ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሮ ካሴት ይቀዳ ነበር፤ ድርቡ ለሽያጭ በመጣ ጊዜ አንድ እሑድ ለእህቱ አዋሳት፣ ሰኞ በገዛ እጁ ሁለት ካሴት ላይ ቀዳው፣ ማክሰኞ ሸክላው ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱም ድርቡን የሚያውቁት በዚያ ቅጂ ነው። ግጥሙ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ሐኪሙ መዝገበ ቃላት እያገላበጠ በሳምንት ውስጥ ታሪኩን አወጣው። አንድ ሰውዬ ጠዋት ሲነቃ ከሩቅ የሚጠራው ድምፅ ይሰማል፤ ይህ አንደኛው ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሐይቅ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል። ሦስተኛው ላይ ጫማውን አስሮ ከቤቱ ይወጣል። አራተኛው ላይ ከተማ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ «ድምፁን ሰማችሁ?» እያለ ይጠይቅና፣ ሳይመለስለት ያልቃል።

«ሰው ሞቶ ነው ጫማ የሚያስረው?» ይላል ሐኪሙ። «የሰከሩ ሰዎች የሠሩት ነው፣ በቃ።»

«ጥበቡ እሱ ላይ ነው እንጂ!» ጠራዡ ይነሣና ቆሞ ያስረዳል። «ሌላው ሁሉ ሞትን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። እነዚህ መሐል ላይ አደረጉት! ከሞት ወዲያም መንገድ አለ ማለታቸው ነው። መጨረሻው ደግሞ ጥያቄ ነው። ሰው እንዴት ይሄ አይገባውም?»

እህቱ በሕይወት ሳለች ባሏን ልትወስድ ትመጣና ከተንጠለጠለው መዝጊያ ሥር አንገቷን ታሰግግ ነበር። «ሰውዬህ ዛሬም ጫማውን ሳያስር ሰመጠ?» ትላለች። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። «እትዬ፣ አንቺ ጥበብ አይገባሽም» ሲላት ይብስባታል፤ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትጨርሰው። ጠራዡ ይህን ሳቅ ለዓመታት እንደ ተራ ፉገራ ቆጥሮታል። ሁሉን ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ ምን እንደሚያስቃት ጠይቋት አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት እህቱ ሞተች። ሾፌሩ ቤቱን ዘግቶ ተኛ። ልብስ አይቀይር፣ ሰው አያናግር፣ ቅዳሜም አይመጣ። ጠራዡ አንድ ወር በር ሲያንኳኳ ከርሞ፣ በመጨረሻ ካሴቶቹን በኪሱ ይዞ ገባ። የሾፌሩን ጫማ ከአልጋው ሥር አውጥቶ እግሩ ሥር አስቀመጠለትና፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው ከሞት ወዲያ ጫማውን አስሮ ነው የተነሣው። ከሞት ወዲያ ሦስተኛ ገጽ አለ። በል ጫማህን እሰር» አለው። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ፣ አጎነበሰ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጠራዡ የሚያለቅስ መስሎት ፊቱን አዞረ። ሾፌሩ ቀና ሲል ግን ጫማው ታስሮ ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በመዝጊያው ሥር አጎንብሶ ገባ። ጠራዡ በዕድሜው ከተናገረው ሁሉ የሚኮራው በዚያች ቃል ነው።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ሐኪሙ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ድርቡ! ራሱ ሸክላው። ቤት የሚለቅ አንድ ታካሚው ሰጥቶት ነው። ሽፋኑ ጀርባው ላይ ተቀዷል። «ጠግንልኝ፤ ሸክላዎቹን ግን እንዳትነካብኝ» አለና ሄደ።

ለጠራዡ አትንካ ማለት ንካ ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ሽፋኑን ሊያጣብቅ ሸክላዎቹን አወጣ። የመጀመሪያው መሐል ላይ በደቃቅ ቁጥር «1» ይላል። ገለበጠው፤ «4» ይላል። ዓይኑን አሸ። ሁለተኛውን አየ፤ ባንዱ ፊት «2»፣ በሌላው «3»።

እጁ አጠገብ ያጠፈው ወረቀት ነበር። ጠራዥ አንድ ወረቀት ለሁለት ሲያጥፍ ከውጭ በኩል አንደኛውና አራተኛው ገጽ ይውላሉ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከውስጥ ይገናኛሉ። ይህን በቀን መቶ ጊዜ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ግን ጠራዥ አልነበረም፤ ካሴት የሚቀዳ ችኩል ጎረምሳ ነበር። «1» የሚለውን ሲያገኝ ጀርባውን መች አየና! የአንድ ጀርባ ሁለት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ሰውዬው ድምፁን ሰማ፣ ጫማውን አሰረ፣ ከተማውን ጠየቀ፣ በመጨረሻ ሰመጠ። አለቀ። ከሞት ወዲያ ምንም ገጽ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰበከው ወንጌል የቀጂ ስሕተት ነበር።

ሐኪሙ እስኪሞት እንደሚስቅበት ያውቃል፤ እሱ ይሁን፣ ይሳቅ። ያሳመመው ሌላ ነው። ያንን የተሰበረ ሰው ከአልጋ ያስነሣው በዚህ ስሕተት ነው። ቢነግረውስ? ተመልሶ ይተኛ ይሆን? ሽፋኑን ለጥፎ ዝም ማለት ይችላል፤ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው በአካባቢው የለም፣ አንድ ቤት ሲቀር። ያም የእህቱ ማጫወቻ ነው፣ ያለውም ሾፌሩ ሳሎን። ጠራዡ አራት ቀን ቻለ። ይሁንና በትክክለኛው ተራ ሲሰሙት ምን እንደሚመስል ሳያውቅ እንዴት ይተኛል? ደግሞም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለምን ይሠራል? ለምን አንድን ከአራት ጋር? አርብ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ሸክላዎቹን በብብቱ ይዞ ሄደ።

«ጋሼ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አለ ገና በሩ ላይ።

«መጀመሪያ ግባ። የያዝከውን አሳየኝ።»

ሾፌሩ የማጫወቻውን ጨርቅ ገለጠ። ከመሐሉ ረጅም ብረት ቆሟል። ጠራዡ አፉን ከፍቶ የሚጀምርበትን ሲፈልግ፣ ሾፌሩ ሁለቱን ሸክላዎች ተቀበለው። ቁጥራቸውን አይቶ አንዱን ከሥር፣ ሌላውን ከላይ አድርጎ ብረቱ ላይ ሰካቸው። የታችኛው ብቻ ወርዶ ተኛና መዞር ጀመረ፤ ሁለተኛው ተራውን እየጠበቀ ከላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ይሄ ሲያልቅ ያኛው ይወድቅና ሁለተኛውን ገጽ ይጫወታል» አለ ሾፌሩ። «ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ትገለብጣቸዋለህ፤ ሦስትና አራት ይሆናል። ለዚህ ዓይነት ማጫወቻ ነው እንዲህ የሚታተሙት።»

ጠራዡ የሾፌሩን እጅ እያየ ቆመ። እጁ አላመነታም ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ማን አሳየህ?»

«እህትህ ናታ! ያኔ አንድ እሑድ አውሰሃት አልነበረም? አብረን ነው የሰማነው። በኋላ ካሴትህን ስትሰማ ተራው መዛነፉ ገባት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልትነግርህ መጣች። አንተ ደግሞ ቆመህ ለሐኪሙ ስለ ሞትና ስለ መንገድ ትሰብካለህ። አንጀቷ እምቢ አላት። ‹ተወው፣ ጠያቂ ነው፣ ራሱ ይደርስበታል፤ አንድ ወር አይፈጅበትም› አለችኝ።»

ጫማውን ሳያስር ሰመጠ። ለካ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው መልሱን በመዝጊያው ሥር እያቀበለችው ነበር! ጠራዡ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«እና ያን ቀን... ጫማህን እሰር ስልህ?»

«ሳቄ መጣ» አለ ሾፌሩ። «እሷ ከሞተች የመጀመሪያው ሳቄ ነበር። ሳቋ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ፣ አንተ ደግሞ ኮስተር ብለህ ጫማዬን ይዘህ ቆመሃል። ሳቄን እንዳታይብኝ አጎንብሼ ማሰሪያዬን ያዝኩ። ከያዝኩት ላይቀር አሰርኩት።»

ማጫወቻው ውስጥ ሰውዬው ከእንቅልፉ ነቅቶ የሩቁን ድምፅ እየሰማ ነው። ጠራዡ አጎንብሶ ወለሉን ያያል፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ራሱም አልለየውም። ሾፌሩ ሄዶ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ገለጠው፤ ወንበሩንም ስቦ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«በል አሁን ቀና በል» አለው። «ታማ ሳለች ‹አሁንም አልደረሰበትም? የደረሰበት ቀን ፊቱን እኔ ባላየው አንተ እይልኝ› ብላኛለች። አደራ አለብኝ። ቀና በል፣ ልይህ።»