የታመመው ቲማቲምና የአባባ ኮት

ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይላታል። ወገቡን ያመመው መንገድ ላይ ያስቆማታል፤ ጥርሱን ያመመው አፉን ከፍቶ ያሳያታል። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የመረመረችው ግን የቲማቲም ቅጠል ነው። የታመመውን ቅጠል ትፈጫለች፣ ከጭማቂው የቫይረሱን ዘረመል ትለያለች፣ ማሽኑ ያነበበላትን ከታወቁት ጋር እያስተያየች የትኛው እንደሆነ ትናገራለች። ይህን ሁሉ ለጥርስ ታማሚ ማስረዳት ስለሚያደክማት «በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ» ብላ ታልፋለች።

አንድ ዓመት እናቷ ጓሮ የተከለችው ቲማቲም ቅጠሉ ተዥጎረጎረ፣ ተጨማደደ። እናቷ ጥፋተኛውን ለማግኘት ላቦራቶሪ አላስፈለጋትም።

«ልብስ ሰፊዋ ናት። የሳሙና ውሃዋን አጥሩ ሥር ደፍታብኝ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የአጥር ጎረቤታቸውና የእናቷ የልጅነት ጓደኛ ነች። «ዶክተር» ግማሽ ልጅነቷን ያሳለፈችው እዚያ ቤት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ እየተኛች ነው። አሁን ሁለቱ ሴቶች ተኳርፈው አጥሩ ዝም ሲል፣ ከቲማቲሙ ይልቅ ያ ዝምታ አንጀቷን በላው። ቅጠል ቀጥፋ ወደ ላቦራቶሪ ሄደች።

ውጤቱ የትንባሆ ቫይረስ ሆነ። ይህ ቫይረስ በእጅ ይተላለፋል፤ ሲጋራ የነካ እጅ ደግሞ አንዱ መንገዱ ነው። ቤታቸው ውስጥ የሚያጨስ የለም። አባቷ ካቆመ ቆይቷል፤ ያቆመ ጊዜ እናቷ ዘመድ ጠርታ ደግሳለታለች። ብቻ በቅርቡ ለቲማቲሙ ፍቅር አድሮበት፣ ማታ ማታ «ልደግፋቸው» እያለ ከተክሉ ኋላ ይጠፋል።

የኮቱን ኪስ አራገፈች። የወጣውን የትንባሆ ብናኝ መረመረችው፤ ቫይረሱ ቅጠሉ ላይ ካለው ጋር ፍጹም አንድ ነበር።

«ኮቴን ነው የመረመርሽው?» አለ አባቷ።

«ኪሱን።»

«ቫይረሱ ታዲያ ስሜን ጠራ?»

«ሊጠራው ምንም አልቀረው።»

«እንግዲያው እናትሽን ውሃው ነው በያት። ሳሙና ክፉ ነገር ነው።»

«አባባ፣ እማዬ ጓደኛዋን አጥታለች።»

አባቷ ራሱን አከከ። ከዚያ ፈተና እንደወደቀ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

እናቷ ተደብቆ ማጨሱን ተናዞ እስኪጨርስ ሰማችው። «እኔ ደግሞ በስተርጅና ጓሮ ወደደልኝ ብዬ» አለች በመጨረሻ። የታመሙትን ራሱ እንዲነቅላቸው አደረገች። ልጅቷ ወተት ቫይረሱን እንደሚያዳክመው ስትነግራት ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ አመጣች።

«ንከር።»

ሁለት እጁን ነክሮ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። የጎረቤት ድመት መጥታ ከፊቱ ቁጭ አለች።

«አፍንጫዬን በላኝ» አለ።

«ይብላህ።»

እናቷ ወደ አጥሩ ሄደች። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መልሳ አበላሸችው።

«አንቺ» አለች።

ከወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ምን ፈለግሽ?»

«በድዬሻለሁ።» ወደ ደጃፉ ዞር ብላ አየች። «ነይ ደግሞ ባሌን እዪው፤ ወተት ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ።»

ወንበር ሲገፋ ተሰማ።